ለትንሽ ገንዘብ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በስልክ መጨረስ ይቻላል ወይ? ጥያቄና መልስ

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ልደታ አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከመከራከር ይልቅ ማስማማት በዝቶብኛል። የእድራችን አባላት የአምስትና የአስር ሺህ ብር ጣጣ ይዘው ይደውሉልኛል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳንመላለስ በስልክ መጨረስ አንችልም ወይ? ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ።

ለጓደኛዬ 12,000 ብር በቴሌብር አበደርኩት። አሁን ስልክ አያነሳም። ደረሰኙ ማስረጃ ይሆነኛል? (ከፒያሳ)

ግማሽ ማስረጃ አለህ ወንድሜ። ደረሰኙ ብሩ ካንተ ወደ እሱ መሄዱን ያሳያል። ብድር መሆኑን ግን አይናገርም። ነገ «የነበረበትን ዕዳ ነው የከፈለኝ» ቢል ምን ትላለህ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመማል ብቻ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ብዙም አያራምድም። «ሲቀበለኝ ያዩ ሦስት ሰዎች አሉ» ብለህ ከሄድክ ልትከስር ትችላለህ። በዚህ የተነሳ እውነተኛ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ስላየሁ ደጋግሜ የምናገረው ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ ጻፍለት። ስድብ የለ፣ ዛቻ የለ። «ሰላም ወንድሜ። መስከረም 14 በቴሌብር ያበደርኩህን 12,000 ብር መቼ ትመልስልኛለህ? ከከበደህ ለሁለት ከፋፍለህ ስጠኝ» በለው። «ደሞዝ ስቀበል» ብሎ ከመለሰ ዕዳውን በራሱ እጅ አመነ ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ያለው መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። የመጨረሻውን የሚመዝነው ዳኛው ነው። ቢሆንም ባዶ እጅህን አትቆምም። መልእክቱ ደግሞ እንደ ማስጠንቀቂያም ያገለግልሃል።

ሌላ ጊዜ ስታበድር ብሩን ከመላክህ በፊት «ብድር ነው፤ ኅዳር 30 እመልሳለሁ» ብሎ እንዲጽፍልህ አድርግ። ስትልክም ምክንያቱ ላይ «ብድር» በል።

ቻቱን ስክሪንሾት ካደረግሁ አይበቃም? (ከሜክሲኮ)

ብቻውን ቀጭን ነው። ስክሪንሾት ይቆረጣል፤ ዳኛውም ሽማግሌውም ይህን ያውቃሉ። ዋናውን ቻት ከነስልኩ ጠብቀው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ አስቀር። ስም ብቻ የሚታይበት አይረባም፤ ስም በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል።

ውጭ አገር የኦንላይን ዳኝነት አለ ይባላል። እውነት ነው? (ከ4 ኪሎ)

እውነት ነው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር የሚደርሱ ክርክሮችን የሚያይ የኦንላይን ዳኝነት አላት። መጀመሪያ ባለጉዳዮቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ይደረጋል። ካልሆነ የተመደበ ሰው ያግዛቸዋል። እሱም ካልሠራ ይወሰናል፤ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ቻይናም በዚያው ዓመት ሃንግዡ ከተማ ላይ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት ከፍታለች።

የአውሮፓ ኅብረት ግን በእ.ኤ.አ. 2016 የከፈተውን የሸማቾች የኦንላይን ማስታረቂያ በእ.ኤ.አ. 2025 ዘግቶታል፤ በእሱ በኩል መፍትሔ ያገኘው ጉዳይ ጥቂት ነበር። ሻጩ ካልፈለገ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ሌላው ወገን እንዲመጣ የሚያደርገው ነገር ከሌለ መተግበሪያው ብቻውን ምንም አያደርግም።

እኛ ጋ ለጥቃቅን ክርክር ብቻ የቆመ እንዲህ ያለ የኦንላይን ዳኝነት የለም። ሕጉ ግን በሩን አልዘጋም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በፍርድ ቤት በኩል ማስማማትን አስገብቷል። የግልግልና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ ከፍርድ ቤት ውጭ መታረቅን ሕጋዊ መልክ ሰጥቶታል። ደግሞም እኛን አንድ ነገር ያግዘናል። ሰው ለሽማግሌ ያፍራል።

ፊት ለፊት ሳይተያዩ ሰው እንዴት ይስማማል? (ከካዛንቺስ)

ባለፈው ክረምት የገጠመኝን ልንገርሽ እህቴ። አንዲት እናት ሶፋ በ46,000 ብር አሠርታ ነበር። በሦስተኛው ወር ስፖንጁ ሰመጠ። አናጺው «አጠቃቀም ነው» አለ። እሷ «ሙሉ ብሬን» አለች። ሳምንት ሙሉ በድምፅ መልእክት ሲሰዳደቡ ከረሙ።

እኔ ጋ ሲመጡ መጀመሪያ ድምፅ መላክ አስቆምኩ። ሁለቱም ለየብቻ በጽሑፍ እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ፤ ምን ሆነ? ምን ትፈልጋለህ? ምን ቢደረግ ይበቃሃል? ሰው ሲጽፍ ይበርዳል። ሽማግሌ ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገሩ ድሮም የነበረ ነው፤ ስልኩ ይህን አቀለለው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም።

ከዚያ ሦስታችን በቪዲዮ ተገናኘን። ስልኩን ወደ ሶፋው እንድታስጠጋ ለመንኳት። መሃለኛውን ትራስ በመዳፏ ተጫነችው። እጇን ስታነሳ ቦታው እንደ ጎደጎደ ቀረ። ዳር ያለውን ስትጫነው ግን ወዲያው ተመለሰ። አናጺው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የመሃሉ ስፖንጅ ሌላ ነው፤ ያኔ አልቆብኝ ነበር» አለ። እሷም ድምፅዋ ተለወጠ። «ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ» አለችው። ስፖንጁን በ10 ቀን ሊቀይር፣ 3,000 ብር ሊመልስ ተስማሙ። አንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ለመድረስ ከሚጠፋው ግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ተስማምተን ቢክድስ? (ከአራዳ)

ስምምነቱን «ተስማምተናል» ብላችሁ ከተዋችሁት ይክዳል። ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚከፈል፣ ካልተከፈለ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ጽሑፉን ሁለታችሁም በቻት አጽድቁት። ከዚያ አትሙትና ሁለት ምስክር ይዛችሁ ፈርሙ። አዎ፣ ወረቀት ነው ያልኩት። ለአንድ ፊርማ መገናኘት ለአንድ ዓመት ከመመላለስ ይሻላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት እንዲህ ያለ የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። መዝገብ ተከፍቶ ከሆነም ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ እንዲያጸድቅላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

ገንዘቤን የወሰደችብኝን ሴት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ብለጥፈውስ? (ከለገሃር)

አታድርጊው። ገንዘብሽን ሳትቀበይ አንቺው በስም ማጥፋት ትከሰሻለሽ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን ይመለከታል።

የ6 ወር ኪራይ ቅድሚያ ከፍዬ ገባሁ። በ3ኛው ወር ተስማምተን ወጣሁ። አከራዬ ቀሪውን አልመልስም አለ። (ከስታዲየም)

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ይህንን በትሕትና ጻፍለት። ዛቻ አታስመስለው። «ጋሼ፣ ሕጉ እንዲህ ይላል፤ እኔ ግን ወረዳ ከመሄዴ በፊት ከእርስዎ ጋር ብጨርሰው ይሻለኛል» በለው። ብዙ አከራይ ወረዳ ሲሰማ ይረጋጋል። በባንክ ከከፈልክ ደረሰኙን አያይዝ።

ልጄ፣ እኔ ይሄ ትልቁ ስልክ የለኝም። የእቁብ ብሬን 8,000 የበላችኝ ሴት አለች። ምን ይሻለኛል? (የእድራችን እናት)

እማማ፣ ስልኩ አያስጨንቅዎ። የእርስዎ ማስረጃ ከሁሉም ይጠነክራል። የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር አለ አይደል? ብሩን ስትወስድ ፈርማበታለች፤ ዋሷም ፈርሟል። ጸሐፊው ያንን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ዋሷን እኔ እደውልለታለሁ። እሷ ካልከፈለች እሱ እንደሚጠየቅ ያውቃል። እርስዎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ብቅ ይበሉ፤ ሁለቱንም በቪዲዮ አገናኝዎታለሁ። ስልኩን እኔ እይዝልዎታለሁ።