ፈረንሳዮች ቪራንክን ይቅር ብለው አርምስትሮንግን ለምን ጠሉት?

"ሁለቱም ኢፒኦ (ቀይ የደም ሴሎችን የሚያበዛ አበረታች መድኃኒት) ወስደዋል። ታዲያ ፈረንሳዮች ለአገራቸው ብስክሌተኛ ለሪሻር ቪራንክ እያጨበጨቡ አሜሪካዊውን ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግን ለምን ጠሉት?" ላልከው፣ የአገር ልጅነት መኖሩን አልክድም። ግን እሱ ብቻ አይደለም። (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው።)

በ1998 ቪራንክ የሚወዳደርበት የፌስቲና ቡድን ወጌሻ ዊሊ ቩት መኪና ሙሉ አበረታች መድኃኒት ይዞ በፈረንሳይና ቤልጂየም ድንበር ተያዘ። ቡድኑ ከፈረንሳዩ ትልቅ የብስክሌት ውድድር ከቱር ደ ፍራንስ ተባረረ። ቪራንክ እያለቀሰ ሄደ፤ ከዚያ በኋላም "አልወሰድኩም" ብሎ ድርቅ አለ። ሕዝቡ እንዲሁ አላለፈውም። የቴሌቪዥን የአሻንጉሊት ትርኢት ሳይቀር መሳቂያ አደረገው። በ2000 ሊል ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፣ ታገደ፣ ተመለሰ። በ2002 ሞን ቫንቱ ተራራ ላይ፣ በ2004 ደግሞ በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ቀን የቱሩን የዕለት ውድድር አሸነፈ። ተራራ ላይ ብቻውን የሚያመልጥ ብስክሌተኛ ፈረንሳዮችን ያሳብዳቸዋል፤ እንባውም ሳይረዳው አልቀረም።

የአርምስትሮንግ ነገር ሌላ ነው። ሰው የተቆጣው በመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን በአካሄዱም ነው። እውነቱን የተናገሩትን ስም አጠፋ፣ ከሰሰ። የእንግሊዙን ጋዜጣ ሰንደይ ታይምስን ከስሶ ገንዘብ ሳይቀር ተቀብሏል! ከካንሰር ድኖ መመለሱን አይተው በእሱ ያመኑና የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅቱን ቢጫ አምባር ያሰሩ ታማሚዎችም አሉ። በ2012 ሰባቱ የቱር ድሎች ሲሰረዙ ይበልጥ የደነገጡት አሜሪካኖች ናቸው። ፈረንሳዮችማ ገና ድሮ ጠርጥረውታል። ሌኪፕ ጋዜጣ የ1999 ናሙናዎቹ ላይ ኢፒኦ መገኘቱን የጻፈው በ2005 ነበር።