ሳንቲሙን አታጽዱት፦ ለወጣት ሰብሳቢዎች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንጥረኛ ነበርኩ። ስንቱን ጠገራ ብር አቅልጬ መስቀልና አልቦ እንዳደረግኩት አላውቅም። ዛሬ ታለር የሚባለውን የድሮ የጀርመን ትልቅ የብር ሳንቲም ስሰበስብ፣ ያ ሁሉ ይቆጨኛል። ጠገራ ብራችን፣ ማርያ ትሬዛ፣ እሷም ታለር ናትና።

ስሙ የመጣው ዛሬ ቼክ ውስጥ ካለች የማዕድን ከተማ፣ ከዮአኪምስታል ነው። የኢያቄም ሸለቆ ማለት ነው። አዎ፣ የእመቤታችን አባት ኢያቄም! ሽሊክ የሚባሉ ባላባቶች እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ ባሳተሙት ሳንቲም ላይ የቅዱሱ ምስል አለ። ሰው ስሙን አሳጥሮ ታለር አለው። ዶላርም የተወለደው ከዚሁ ነው።

ከሳንቲም በፊት ሚዛን ግዙ። በ1566ቱ ደንብ የተሠራ ራይክስታለር፣ ማለትም የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ታለር፣ 29.2 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 26 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ጠገራ ብር ደግሞ 28 ግራም ገደማ ነው። ያረጀ ትንሽ ይቀንሳል። ብዙ ከጎደለ ግን ጠርጥሩ። ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ስንቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል! ማንጠልጠያው ቢነሳም የብየዳው ጠባሳ ይቀራል። እኔ ራሴ ስበይድ ስለኖርኩ ዓይኔ አይስተውም። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ከሆነም ገጹ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ታያላችሁ፣ ፊደሉም ድንዝዝ ይላል።

ገንዘብ ካጠራችሁ ከ1619 እስከ 1623 ገደማ ከታተሙት ትንንሽ ሳንቲሞች ጀምሩ። በጀርመን ምድር የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ተነስቷል፤ መሳፍንቱ ለወታደር የሚከፍሉት አጥተዋል። ብሩ ላይ መዳብ አብዝተው አሳተሙ። ለዋጮች ሚዛን ይዘው እየዞሩ ደህናውን ሳንቲም ይለቅሙና ለማቅለጫ ይሸጡታል። ዘመኑ «ኪፐር ኡንድ ቪፐር» ይባላል፤ ስሙ ራሱ የሚዛንን መወዛወዝ ያስታውሳል። ቀላ ያለውን ሳንቲም መዳፋችሁ ላይ ስታደርጉት፣ በዚያ ደመወዙ የተከፈለው ሰው ንዴት ይሰማችኋል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ አታጽዱ። የመጀመሪያ ታለሬ የጀርመኗ የሳክሶኒ ግዛት ነበር፣ ጥቁር ያለ። እንደ ሙያዬ በሎሚና በአመድ አሸሁት። አንጸባረቀ፣ ደስ አለኝ። በኋላ አንድ ነጋዴ ዘንድ ስወስደው አገላብጦ አየና ዋጋውን በግማሽ ቀነሰው። ልክ ነበር። የብሩ ጥቁረት የመቶ ዓመታት ሥራ ነው፤ እኔ በአንድ ከሰዓት አጠፋሁት። አልሸጥኩትም። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አሁን ጫፍ ጫፉ ላይ መጥቆር ጀምሯል።