ባሌ ሪዘርቭ ልግባ ይላል፤ ምን ልበለው?

ሰሞኑን የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆነዋል። ጠያቂዎቹ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። ጉዳዩ ግን አሜሪካ ያለ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ የአሜሪካን ተጠባባቂ ጦር ልቀላቀል ማለቱ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች በአጭሩ “ሪዘርቭ” ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ ልበል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ባለቤቴ ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ አለው፤ ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። የ3 እና የ6 ዓመት ልጆቻችን እኔ ጋ ናቸው። “በወር ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ሕክምና አለው” ይለኛል። እውነት ሁለት ቀን ብቻ ነው? (ከሽምብጥ)

እህቴ፣ ባለቤትሽ አልዋሸም። የነገረሽ ግን ቀላሉን ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ፤ ይሄ ትክክል ነው። ግን የሚመጣው ከሥልጠና በኋላ ነው። መጀመሪያ የ10 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና አለ። ከዚያ የሙያ ሥልጠና ይቀጥላል፤ እንደ ሙያው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ መጋዘን የለ፣ ኡበር የለ። የወታደር ደመወዝ ይከፈለዋል። ከሁለቱ ሥራ ያገኘው የነበረውን ያህል መሆን አለመሆኑን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አስሉት። የእሱን ቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? አንቺ ጋስ በየወሩ ስንት ይደርሳል?

ስልክም ቢሆን በአሠልጣኞቹ ፈቃድ ነው። የወለቀ ጥርሷን በኢሞ ለአባቷ ማሳየት የለመደች ልጅ ካለችሽ፣ አባቷ ለጊዜው እንደማይደውል ከወዲሁ ንገሪያት። ራሱ ቢነግራት ደግሞ ይሻላል።

ዋናው ነገር ውሉ ነው። አዲስ ገቢ የሚገባው ግዴታ በጠቅላላ 8 ዓመት ነው። የተወሰነውን በየወሩ እየተገኘ ያገለግላል፤ የቀረውን ስሙ መዝገብ ላይ ይቆያል። መዝገብ ላይ ያለ ሰውም ሊጠራ ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2001 በኋላ ስንቱ ሪዘርቭ ነው ከሥራ ገበታው ተነስቶ ኢራቅና አፍጋኒስታን የሄደው! ስለዚህ ስትመካከሩ “ነገ ለዓመት ቢጠሩህስ?” ከሚለው ጀምሩ። ለዚህ መልስ ካላችሁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ሕክምናውም በነፃ አይደለም። ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ካለው ይረክሳል። ደግሞ መልማዩ በአፉ የነገረውን ሁሉ እንዳያምን። የሚያዘው ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

ሪዘርቭና ናሽናል ጋርድ አንድ ናቸው? (ከፔዳ)

አይደሉም። ሪዘርቭ የፌዴራሉ ነው። ጋርድ ግን የየስቴቱ ገዥም ያዘዋል፤ ጎርፍም ሁከትም ሲነሳ ይጠራል። የፌዴራሉ መንግሥትም ሊጠራው ይችላል። ውጭ አገር መላክ ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

ልጄ አሜሪካ ከባሏ ተለያይታ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ሪዘርቭ ልገባ ነው፣ ስጠራ ልጁን አንቺ ትይዢልኛለሽ ብላ የምፈርምበት ወረቀት ልትልክልኝ ነው። ልፈርም? (ከዘጌ፣ በልጅ ልጄ እጅ ያጻፍኩት)

እማማ፣ ከመፈረምዎ በፊት ትንሽ ይቆዩ። ጦሩ ልጅን ብቻውን ከሚያሳድግ ወታደር የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ ይጠይቃል። እናትየው ስትጠራ ልጁን ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ተረካቢውም ፈርሞ ያረጋግጣል። ዕቅዱ የውሸት ሆኖ ከተገኘ ከጦሩ እስከመሰናበት ሊያደርሳት ይችላል።

አሁን እርስዎን ልጠይቅዎ። በድንገት ብትጠራ ልጁን በምን ቀን፣ ማን ይዞልዎት ይመጣል? እዚያው ቅርቧ ያለ፣ በደወለችለት ቀን በሩን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋታል። እርስዎ ለረጅሙ ጊዜ ሁለተኛ ተረካቢ መሆን ይችሉ ይሆናል። ያውም አባትየው ከተስማማ ነው፤ እሱም መብት አለው። ልጁ አሜሪካዊ ከሆነ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ለማውጣት በመደበኛው አሠራር የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ይጠየቃል። እሱ አልፈርምም ካለ የእርስዎ ፊርማ ብቻውን ልጁን ዘጌ አያደርሰውም።

ጉልበትዎስ? ቡና ለቀማው መሐል የአምስት ዓመት ልጅ ማሯሯጥ ቀላል አይደለም። “አልችልም” ቢሏት ልጅዎን መክዳት አይሆንም። አሁን ቢነግሯት ሌላ ሰው ትፈልጋለች፤ በተጠራች ማግስት ከሆነ ግን ጉድ ነው የሚፈላው።

ወንድሜ ጦሩን ከተቀላቀለ ወዲያው ዜጋ ሆኖ እናታችንን ይወስዳታል ይባላል። እውነት ነው? (ከግሽ ዓባይ)

ያፈጥናል እንጂ “ወዲያው” የሚባል ነገር የለም። በክብር ማገልገሉ ይረጋገጣል፣ ማመልከቻ አለ፣ ምርመራ አለ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለእናቱ ማመልከት አይችልም፤ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ግን ይችላል። ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በዚያ ላይ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የእኛ የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያወጣል፣ ያም ብዙ ነገር ያስችላል፤ ግን ፓስፖርት አይሆንም።

ሚስቴ ሚኒሶታ የነርስ ረዳት ናት፤ ልጃችንም እሷ ጋ ነው። እኔ እዚህ ፕሮሰስ እጠብቃለሁ። ሪዘርቭ ልግባ ስትል ወንድሞቼ “ሚስትህን ጦር ሜዳ ልትልክ ነው?” እያሉ ነዘነዙኝ። ልከልክላት? (ከቀበሌ 14)

ወንድሜ፣ ማታ ከሥራ ገብታ ልጁን የምታጥበው እሷ ናት፤ ወንድሞችህ አይደሉም። “ልከልክላት” የሚለውን ተወውና አብራችሁ ተነጋገሩ። አንተ አጠገቧ ስላልሆንክ ለዘጌዋ እናት ያልኩት ዕቅድ ለሷም ይመጣል። የተረካቢው ስም ማን እንደሆነ ጠይቃት። “የማላውቃት የሥራ ጓደኛዋ” ካለችህ ያኔ ብትሰጋ አይፈረድብህም።

የሥራዋን ነገር አትፍራ። በ1994 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ሕግ አለ፤ ለአገልግሎት የሄደን ሠራተኛ አሠሪው ወደ ሥራው እንዲመልሰው ያስገድዳል። አስቀድማ ማሳወቅና ስትጨርስ በጊዜው ሪፖርት ማድረግ ግን አለባት።

ሪዘርቭ ልግባ የሚለው ባለቤቴ “አንድ ነገር ብሆን 500 ሺህ ዶላር አለ” ይለኛል። ልቤ እየፈራ ልጠይቅ፤ ብሩ የማን ነው? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

እህቴ፣ አትፈሪ። የሕይወት መድኑ ከፍተኛ መጠን እንደ ፈረንጆቹ ከ2023 ወዲህ 500 ሺህ ዶላር ነው። የሚከፈለው ወታደሩ ቅጹ ላይ ስሙን ለጻፈው ሰው ነው። ሚስት ስለሆንሽ ብቻ ያንቺ አይሆንም። ከጋብቻችሁ በፊት እናቱን ወይም ወንድሙን ጽፎ ካላስተካከለው ለእነሱ ይሄዳል። የተጠቃሚ ስም ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ስምሽ አጻጻፉ ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ መሆኑንም እይ፤ አንድ ፊደል ስታልፍ ስንት ወር እንደምታንከራትት የኛ አገር ሰው ያውቃል።