አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ለምታስተምሩ፦ የ7ኛና 8ኛ ክፍል ጥያቄና መልስ

ሰላም መምህራን። ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ባልደረቦቼንም አሠለጥናለሁ። በዚህ የመምህራን ግሩፕ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን የመምህሩን መምሪያ አንብቡ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የተመረቅኩት በፊዚክስ ነው። አሁን ሕዋስም ውህድም አስተምሪ ተባልኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ድሮ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ጠቅላላ ሳይንስ ብሎ አንድ አደረጋቸው። መጽሐፉ ተዋሐደ፤ መምህሩ ግን የሠለጠነው በአንዱ ነው። ይህን ክፍተት የግማሽ ቀን ገለጻ አይሞላውም። ስለዚህ ከባልደረቦችሽ ጋር ዕቅድ አብራችሁ አውጡ። የ7ኛ ክፍሉ ድብልቅ ላይ ስትደርሱ፣ የኬሚስትሪው ሰው ሙከራውን አስቀድሞ ለእናንተ ይሥራው። ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ጨውና አሸዋ ቀላቅሉ። «እንዴት እንለያቸው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አንዱ በእጅ እንልቀም ይላል፣ ሌላዋ ውሃ ትላለች። ይከራከሩ። ከዚያ ውሃ ጨምሩ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉ፣ የወጣውን ውሃ በድስት አትንኑት። ድስቱ ውስጥ የቀረውን ጨው ያየ ልጅ ማጥለልንና ማትነንን አይረሳም። መልሱን ቀድማችሁ ሰሌዳ ላይ ከጻፋችሁት ግን የተለወጠው መጽሐፉ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ላክልኝ።

መልስ፦ ሦስተኛ ጠያቂ ነህ። የክልልህን ትምህርት ቢሮ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ አለ። ተከታታይ ምዘና እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በየክፍለ ጊዜው አንድ ቡድን ብቻ ተከታተል፣ ያየኸውን መዝግብ፣ ያልገባቸውን መልሰህ አስተምር። ማርክ ማጠራቀም ምዘና አይደለም። መምሪያው ላይ አለ፤ አንብበው።

አንድ አባል፦ ወሬ ነው! በዚህ ደሞዝ ማን ይዘጋጃል?

ሌላ አባል፦ ልጆቹ ምን አጠፉ ታዲያ?

አንድ አባል፦ የቤት ኪራይ የምትከፍልልኝ አንተ ነህ?

መልስ፦ የደሞዙ ጥያቄ እውነት ነው፤ እኔንም ይመለከታል። ዛሬ ግን ወደ ክፍሉ እንመለስ።

ጥያቄ፦ የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ?

መልስ፦ የትኛው ክፍል? የትኛው ትምህርት? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል የሙያ ትምህርትስ?

መልስ፦ የሚያስተምረው ይመልስ።

ጥያቄ፦ መምሪያው እኛ ጋ አልደረሰም።

መልስ፦ ሱፐርቫይዘራችሁ በክላስተሩ፣ ማለትም አብረው በተመደቡት የአካባቢ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ መምሪያው የትኛው ትምህርት ቤት እንዳለ ያውቃል። አንዱን ተውሳችሁ ኮፒ አድርጉ። ያለ መምሪያ ክፍል አትግቡ።

ጥያቄ፦ የጨዉ ሙከራ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም እኮ።

መልስ፦ አጥልላችሁ አቁሙ። ውሃውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡና ማትነኑን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሥሩት። እሳቱን ግን ራሳችሁ ያዙ።