የጠበበ የልጅ ልብስ፦ ለታናሹ ይቀመጥ ወይስ ለታረዘው ይሰጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ትልቋ ከተወለደች ጀምሮ የጠበባትን ልብስ ሁሉ እያጠብሁ አስቀምጣለሁ። አሁን ሁለት ማዳበሪያና አንድ ሻንጣ ሞልቶ አልጋ ሥር አልበቃ ብሏል። ባለቤቴ «ዮሐንስ መጥምቅ ሁለት ልብስ ያለው ያካፍል ብሏል፤ አንቺ ማዳበሪያ ሙሉ ታቅፈሽ ትተኛለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱ ግን እየቆየ ያመኛል። አማቴ ደግሞ «የልጅ ልብስ ለባዕድ አይሰጥም፣ መተት ይሠራበታል» ይላሉ። እኔ እግዚአብሔር ሦስተኛ ቢሰጠን ብዬ ነው፤ የልብሱን ዋጋ ያውቁታል። ማስቀመጤ ስስት ይሆንብኛል? የእኅቱን ልብስ ለወንዱ ማልበስስ ነውር አለው? ደግሞ ትልቋ ክርስትና የተነሣችበትን ነጭ ልብስ ለሌላ ልጅ ክርስትና ማዋል ይቻላል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ ባለቤትሽ የጠቀሰው ቃል እውነት ነው፤ ሉቃስ 3፥11 ላይ ታገኚዋለሽ። ሕዝቡ ወደ ዮርዳኖስ ወርደው «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት መጥምቁ «ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል» አላቸው። የሚናገረው አንድ ሰው አንዱን ለብሶ ሌላው ያለ ሥራ ስለተሰቀለበት ቤት ነው። ትልቋ የለቀቀችው ሹራብ፣ ታናሹ በመጪው ዓመት የሚገባበት ከሆነ፣ የእሷ ሁለተኛ ልብስ አይደለም፤ የእሱ አንደኛ ልብስ ነው። እናት ይህን አስባ ብታስቀምጥ ስስታም አትባልም። ጌታችን በአምስት እንጀራ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» ብሏል (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ማብዛት የሚችለው ጌታ ቍርስራሽ ከሰበሰበ፣ በደመወዝ የምትኖር እናት የልጇን ሱሪ ብትሰበስብ ምን ይገርማል? ለቤተ ሰው አለማሰብንማ ሐዋርያው ጳውሎስ ሃይማኖትን ከመካድ ቆጥሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። ስለዚህ ባለቤትሽ ቀልዱን ትንሽ ይቀንስልሽ።

አሁን ደግሞ ወደ አንቺ ልመለስ፤ ማዳበሪያው ሁለት ነውና።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም ፍቺና መሬት ላይ ዘርጊው። እያንዳንዱን እያነሣሽ «ይህ የማን ነው?» በይ። መልሱ የሰው ስም መሆን አለበት። የአምስት ዓመቷ ዘንድሮ የለቀቀችው ካፖርት የታናሽዋ ነው፤ ስም አለው፤ ይቀመጥ። ትልቋ በስድስት ወሯ የለበሰችው ግን የማን ነው? ታናሹም እኮ ሁለት ዓመት ሞልቶት አልፎታል። ያ ልብስ ሁለት ልጅ አሳድጎ ሥራውን ጨርሷል። እንደ ግምቴ ከሁለቱ ማዳበሪያ አንዱ ባለቤት የለውም። ባለቤት ያጣው ልብስ ላይ ነው የመጥምቁ ቃል የሚደርሰው፤ በከተማሽ ውስጥ ዛሬ ስድስት ወሩ የሆነና ብርድ ላይ ያለ ሕፃን አለና።

«ሦስተኛ ቢሰጠንስ?» ትይኛለሽ። ይስጥሽ፤ አሜን። ልጅ ተስፋ ማድረግ መልካም ነው፤ ያዕቆብ እንዳስተማረን «ጌታ ቢፈቅድ» እያሉ ማሰብም ያባት ነው። ነገር ግን ለተስፋ ሁለት ማዳበሪያ አያስፈልገውም። እኔን ብትጠይቂኝ አንድ ትንሽ ሻንጣ ለይተሽ፣ ወፍራሙን የሕፃን ብርድ ልብስ፣ የእጅ ሥራ ሹራብ፣ ጠንካራውንና ዛሬ ገበያ ላይ በዋጋው የማይደፈረውን ብቻ አስቀሪ። ቀሪው ይሂድ። ሦስተኛው ሲመጣ እሱን የሚሰጥ አምላክ የሚለብሰውን አይነሣውም፤ አንቺም ያኔ ከሌላዋ እናት ብትቀበይ አታፍሪ።

ደግሞ የማስቀመጥ ስሌት ሁልጊዜ እንዳሰብነው አይሠራም። ልጆች ሁሉ በአንድ ወር አይወለዱም። ትልቋ አንድ ዓመቷን በነሐሴ ዝናብ ደፍና ያ ወፍራም ጃኬት ልክ ሆኖላት ይሆናል፤ ታናሹ በዚያው ልክ የሚደርሰው በመጋቢት ፀሐይ ቢሆን፣ ብርዱ ሲመጣ ጃኬቱ ጠብቦታል። የወገብ ላስቲክ በተቀመጠ ቁጥር ይላላል፤ ንጹሕ የመሰለው የወተት ነጠብጣብ ከርሞ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ የታሰረ ማዳበሪያ ውስጡ ይሻግታል። «ብልና ዝገት በሚያጠፉት» የሚለውን የወንጌል ቃል (ማቴ. 6፥19) እኔ በመጀመሪያ የተረዳሁት ከመጽሐፍ ትርጓሜ አይደለም፤ እናቴ ለታላቅ በዓል ብላ ለዓመታት ያኖረችውን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ ስትዘረጋው እንደ ወንፊት ሆኖ ሳየው ነው። አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አጠፈችውና መልሳ አስገባችው። ለምን መልሳ እንዳስገባችው እስካሁን አልገባኝም።

የምታስቀምጭውን እንግዲህ አጥበሽ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀሽ፣ ልኩን በወረቀት ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አውጥተሽ አናፍሺው። በዓመቱ ፈትተሽ ያላነሣሽበት ካለ ባለቤቱን ፈልጊለት።

ለማን ልስጥ ብለሽ እንዳትቸገሪ፣ ጎጃም ውስጥ ነሽ። የቆሎ ተማሪ በየደጁ አለ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ በሰከላ ብርድ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ከውሻ ጋር ስታገል ያደግሁ ነኝ። አንድ ቀን አንዲት እናት ቁራሽ ሰጥታኝ ስመለስ ጠራችኝና የልጇን ሹራብ ከውስጥ አምጥታ አለበሰችኝ። እጅጌው ከክንዴ እኩሌታ አያልፍም ነበር። እሷም አይታ ሳቀች፤ «ላንተም ጠበበህ?» አለችኝ። ግን አላወለቅሁትም። ከደበሎው ሥር ለብሼው ከረምሁ፤ ስለቀው ከእኔ ለሚያንስ ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ እሱም ለሌላ። እንግዲህ ያ ሹራብ ስንት ታናሽ እንዳገኘ አስቢ። ታናሽ ማለት ካንድ ማኅፀን የወጣ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጥምቀት ወንድማማች ሆነናል ስንል እኮ ይህም አለበት። የኔታ ካሉበት ጉባኤ ቤት አድርሰሽ ብትሰጫቸው ለየልኩ ያከፋፍሉልሻል። ወይም ጎረቤት እይ፤ መስከረም ሲጠባ ዩኒፎርም አጥቶ ቤት የሚቀር ልጅ አይጠፋም፤ የትልቋ ዩኒፎርም ሲጠባት ያን ልጅ አስቢ።

ስትሰጪ ግን ቡቱቶውን ለይተሽ ለቤት መወልወያ አድርጊው። ቁልፉ የወደቀውን ተኪለት፣ የተተረተረውን ስፊው። ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን «ለአለቃህ ብታቀርበው ይቀበልሃልን?» ብሎ ወቅሷቸዋል (ሚል. 1፥8)። ለራስሽ ልጅ የማታለብሺውን «ለነዳያን ይሆናል» ማለት ያስነቅፋል። በኢዮጴ ዶርቃ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው (ሐዋ. 9፥39)፤ የሚታይ ልብስ ነበር ማለት ነው።

ለልዋጭ ሰጥቶ ሳፋ መቀበልም ኃጢአት አይደለም፤ ንግድ ነው። ምጽዋት ሰጠሁ ብለሽ ብቻ እንዳትቆጥሪው።

አማትሽን በተመለከተ ቀስ በይ። መተት የሚሠራ ክፉ ሰው የለም አልልሽም፤ አለ። ክርስቲያን ግን ከዚያ ፍርሃት ሥር አይተዳደርም። «በያዕቆብ ላይ አስማት የለም፥ በእስራኤልም ላይ ምዋርት የለም» ተብሏል (ዘኍ. 23፥23)። ልጆችሽ ተጠምቀዋል፣ ሜሮን ተቀብተዋል፣ ማተብ አስረዋል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ይህ ሁሉ እያለ የልጅነት ሕይወታቸው በአንዲት አሮጌ ካልሲ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ጥምቀቱን ማሳነስ ይሆናል። እንዲያውም ልብስ ከሰው ወደ ሰው አልፎ ያመጣውን ብትፈልጊ፣ ከጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ ድውያንን ይፈውስ እንደነበር ሐዋ. 19፥12 ይነግርሻል። ለአማትሽ ግን ይህን ጥቅስ በክርክር አታንብቢላቸው። የእሳቸው ፍርሃት ውስጡ የልጅ ልጅ ፍቅር ነው። «እማማ፣ እርስዎ የሚያምኗትን ሴት ይምረጡልኝ፣ አብረን እንውሰድላት» በያቸው። አንድ ጊዜ በገዛ እጃቸው ሰጥተው ምርቃቱን ተቀብለው ከተመለሱ ሁለተኛውን ራሳቸው ያስታውሱሻል።

የእኅቱን ልብስ ለወንዱ ስለማልበስ የጠየቅሽው፣ ዘዳግም 22፥5 ወንድና ሴት የየራሳቸውን ልብስ እንዲለብሱ ያዛል፤ ትእዛዙ ግን ራሱን የሚያውቅ ሰው የሌላውን ጾታ መስሎ እንዳይታይ ነው። ሹራብ፣ ካልሲ፣ ካፖርት ጾታ የለውም፤ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ አትጨነቂ። ቀሚሱን ግን ለሴት ልጅ ላላት ስጪ። ወንዱ አራት ዓመት ሲሞላው ጓደኞቹ የሚስቁበትን አታልብሺው፤ ብር አተርፋለሁ ብሎ የልጅን ልብ መስበር ኪሣራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልነግርሽ የምፈልገው ይህንኑ ነው፣ አንቺ ባትጠይቂኝም። ታናሽ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ልብስ ሲለብስ ያድጋል። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፣ የታላቁን መምሰል ይወዳልና፤ አንዳንዱ ግን «ለእኔ ምንም አይገዛልኝም» ብሎ በሆዱ ይይዛል። ያዕቆብ ለዮሴፍ ብቻ ኅብሩ የበዛ ቀሚስ አድርጎለት በወንድማማች መካከል የገባውን ታውቂያለሽ (ዘፍ. 37፥3)። ሐናን ደግሞ እይ። ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ወደ ሴሎ ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። በየዓመቱ መሥራቷ ልጁ በየዓመቱ ስለሚያድግ ነው። እግዚአብሔርም ከዚያ በኋላ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ሰጣት። እኔ ሁልጊዜ የማስበው፣ የጠበበው የአምናው መደረቢያ የት ሄደ? ከሐና ጋር ወደ ቤት ተመልሶ ለታናናሾቹ ደርሶ ይሆን፣ ወይስ በሴሎ ደጅ ለሚለምን ተሰጥቶ ይሆን? መጽሐፉ አልነገረንም። የተነገረን እናቲቱ የልጇን ልክ ሳታየው በልቧ እየለካች መሥራቷ ነው። ታናሹ የእኅቱን ልብስ ይልበስ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ ለጥምቀት ወይም ለዘመን መለወጫ፣ በእሱ ልክ የተገዛ አንድ ነገር ይኑረው። ካልሲም ቢሆን ይበቃል። ከሰጠሽው ማዳበሪያ ይልቅ ይህ ሊከብድሽ ይችላል፤ ሞክሪው።

የክርስትናው ነጭ ልብስ ቀረ። ክርስትናው የልጁ ነው እንጂ የልብሱ አይደለም፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ አንዲቱን ጥምቀት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ለታናሹም ሆነ ለጎረቤት ልጅ ማዋል አይከለከልም። ሜሮን የነካው ነውና በክብር ያዢው፤ ከሌላ እድፍ ልብስ ጋር አታዋኅጂው፣ ያጠብሽበትንም ውኃ ሰው በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ አፍስሺው፤ የቀረውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ለትልቋ ማስታወሻ ይሁን ብለሽ ብታስቀምጪውም አልቃወምሽም። ከሁለቱ ማዳበሪያ ውስጥ እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ፣ አልጋ ሥር የሚበቃው ቦታ አለ።