ብዥታም ልክ አለው፦ ለወጣት ሠዓሊዎች

ውድ ልጆቼ፣

ሥዕል ሳስተምር ዕድሜዬ ሄዷል። ሰሞኑን ሥራዎቻችሁ ፊት ቆሜ «ይሄ ምንድን ነው?» ስላችሁ አንድ መልስ ይደጋገምብኛል፦ «ተመልካቹ እንደፈለገ ይረዳው።» መልሱ ያሳስበኛል። ነገሩን ክፍት መተው ለምን እንደፈለጋችሁ ይገባኛል። እኔም አብልጬ የምወዳቸው ሥራዎች ሁለት ሦስት ነገር የሚመስሉትን ነው። ግን ምስልን ሁለት ነገር ማስመሰል አንድ ነገር ከማስመሰል የበለጠ ልፋት ይጠይቃል።

የዴንማርኩ የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድጋር ሩቢን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ያሳተመውን ምስል ሳታዩት አትቀሩም። መሀል ላይ ማሰሮ ነገር አለ። ልብ ስትሉ ደግሞ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ፊቶች ናቸው። መስመሩ አንድ ነው፤ አንዴ የማሰሮው ጠርዝ ይሆናል፣ አንዴ የፊቶቹ። ሁለቱንም እኩል በአንድ ጊዜ ለማየት ብትታገሉ አእምሯችሁ እሺ አይላችሁም። እስቲ እርሳስ አንሡና ራሳችሁ ሞክሩት። አፍንጫውን ትንሽ ስታስረዝሙ ማሰሮው ይጣመማል። ማሰሮውን ስታሳምሩ ፊቶቹ ሰው መምሰል ያቆማሉ። ያን ጊዜ ነገሩ በግምት እንደማይሠራ እጃችሁ ይነግራችኋል።

ለብዥታ ስትከራከሩ ጀርመናዊውን ሠዓሊ ጌርሃርድ ሪችተርን ትጠቅሱልኛላችሁ። ደግ ነው። ሪችተር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፎቶግራፍ እያየ ሲሥል፣ መጀመሪያ ምስሉን በጥንቃቄ ይሠራዋል። ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሽ የሚያደበዝዘው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዶቻችሁ የመጀመሪያውን ሥራ ዘላችሁ ከሁለተኛው ትጀምራላችሁ። ከሥር ምንም ከሌለ ግን ተመልካቹ የጠፋበትን ነገር አይፈልግም፤ አልፎ ይሄዳል።

አሜሪካዊቷን ሠዓሊ ቪያ ሴልሚንስን ተመልከቱ። ከ1977 እስከ 1982 በአንድ ሥራ ላይ ቆየች። ከመሬት የለቀመቻቸውን 11 ድንጋዮች ቅርጽ በነሐስ አስወጣች። ከዚያ እያንዳንዱን ነሐስ ድንጋዩን እስኪመስል ነጠብጣቡን ሁሉ ቀባችው። ለዕይታ የቀረቡት ድንጋዩም ነሐሱም አብረው ነው። ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲያመነታ ይቆያል። ይህን ሁሉ ማመንታት የፈጠረችው አንዲት ነገር ሳታደበዝዝ ነው!

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚደንቀው ግን የጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ የሂሮሺ ሱጊሞቶ ሥራ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገባል። እዚያ ሞተው ቆዳቸው የተሞላ እንስሳት በተሣለ መልክዓ ምድር ፊት ቆመዋል። እያየ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ጥልቀቱ ጠፋና የውሸቱ ትዕይንት እውነት መሰለው። ካሜራ ደግሞ የሚያየው በአንድ ዓይን ነው። ስለዚህ ዋልታ ድቡንና ከፊቱ ያለውን የባሕር እንስሳ በትልቅ ካሜራ፣ በጥቁርና ነጭ አነሣቸው። ፎቶውን የሚያይ ሰው በረዶ ላይ የተነሣ ይመስለዋል። እንስሳቱ የሞቱ መሆናቸውን የሚጠረጥረው ቆየት ብሎ ነው። ሱጊሞቶ ምስሉን ቆርጦ አልቀጠለም። እኛ ፎቶግራፍን የማመን ልማዳችን የቀረውን ሠራለት።

ለዚህ ነው ስለ ዓይን አሠራር ትንሽ አንብቡ የምላችሁ። ዓይናችን ጥርት አድርጎ የሚያየው በጣም ትንሽ ቦታ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ብታዩ፣ ከዚያች ብዙም አይበልጥም። የቀረውን ዓይን ወዲያ ወዲህ እየሮጠ፣ አእምሮ በግምት እየሞላ ያዋቅረዋል። የምትሠሩት በዚያ ግምት ላይ ነው። የት እንደሚገምት ካላወቃችሁ የት እንደምታስቆሙት አታውቁም።

በስልክ ብቻ ማየትም ይቅርባችሁ። ጀርመናዊው አርቲስት ቶማስ ዴማንድ ከወረቀትና ከካርቶን ሙሉ ክፍሎችን በእውነተኛ መጠናቸው ሠርቶ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ ከዚያ ያፈርሳቸዋል። በስልክ ስታዩት ተራ ቢሮ ነው፣ በጣታችሁ ታሳልፉታላችሁ። በትልቅ ኅትመት ፊት ስትቆሙ ግን ወረቀቶቹ ላይ ጽሑፍ እንደሌለ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ የታጠፈ ወረቀት እንደሆነ ቀስ እያለ ይገለጥላችኋል። ኤግዚቢሽን ስትገቡም ከጎን ያለውን መግለጫ መጀመሪያ አታንብቡ። አንዴ ካነበባችሁት በኋላ ያልተነገራችሁን ለማየት ትቸገራላችሁ።

የራሳችሁን ሥራ ስትጨርሱ ደግሞ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳዩት። አታስረዱት። የመጀመሪያ መልሱን ስሙና ዝም በሉ። ሁለተኛ ነገር ካየ የት ላይ ሆኖ እንዳየው በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ሸራው ላይ አንድ ቦታ ከነካ፣ በማግስቱ ሥራ የምትጀምሩት ከዚያ ነው።