ጄሶ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ወገብ፦ ለአስታማሚዎችና ለጀማሪ ነርሶች ጥያቄና መልስ

በአጥንት ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ስለ መንከባከብ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። አጥንቱ ከተገጠመ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያሰጋን አጥንቱ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ጡንቻ፣ ነርቭና ደም ሥር ነው። መልሶቼም በአብዛኛው ወደዚያው ያመራሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ክንዱ ተሰብሮ ትናንት ጄሶ ታስሮለታል። ማስታገሻ ብንሰጠውም ሕመሙ እየባሰበት ነው። ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ነው፤ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጄሶ ታስሮ ማስታገሻ ከተወሰደ በኋላ ሕመም መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም። እብጠቱ ሲጨምር ጡንቻዎቹ በታጨቁበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ግፊት ይፈጠርና ደም ወደ ጡንቻውና ወደ ነርቩ እንዳይደርስ ያግዳል። ኮምፓርትመንት ሲንድረም የሚባለው ይህ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰበት ጡንቻው እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲዘረጋለት ሕመሙ እጅግ ከበረታበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። የጣት መደንዘዝ፣ መገርጣት፣ መቀዝቀዝና አልንቀሳቀስ ማለት ዘግይተው ሊመጡ ስለሚችሉ እነርሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። በመንገድ ላይ እጁን በልቡ ከፍታ ያዙለት፤ ከዚያ በላይ ከፍ ካለ የሚደርሰው ደም ይበልጥ ይቀንሳል። ልጅ ሲያለቅስ «ጄሶው ስላስጨነቀው ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ልጁን እመኑት።

ጥያቄ፦ የነርስነት ተማሪ ነኝ። ጄሶ የታሰረለትን ታካሚ ጣቶች ስመረምር በትክክል ምን ማየት አለብኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጤነኛውን እጅ ወይም እግር እዪ፤ ማነጻጸሪያሽ እርሱ ነው። ጥፍሩን ተጫኚውና ልቀቂው። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቀለሙ ሊመለስ ይገባል። ሙቀቱን በእጅሽ ጀርባ ለኪ። ስሜቱን ስትፈትሺ «ይሰማዎታል?» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የነካሽውን ቦታ ይንገርሽ። በእጅ ላይ የአመልካች ጣትን ጫፍ፣ የትንሿን ጣት ጫፍ፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለውን የእጅ ጀርባ ንኪ፤ ሦስቱ ቦታዎች የሦስት የተለያዩ ነርቮች ናቸው። በእግር ላይ በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ያለውን ቦታ አትርሺ። መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብለሽ አትጻፊ፤ ያየሽውን ከነሰዓቱ አስፍሪ። ተረኛዋ ነርስ ለውጥ መኖሩን የምታውቀው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጄሶው ውስጥ በጣም ያሳክከኛል። በቀጭን ዘንግ ባክከውስ?

መልስ፦ በፍጹም። የተጫረ ቆዳ ከጄሶው ሥር ሳይታይ ይመረቅዛል። በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ያስነፉበት። ከጄሶው ውስጥ መጥፎ ሽታ ወይም ፈሳሽ ከወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያቃጥል ስሜት ካለ ይታዩ።

ጥያቄ፦ እናቴ የዳሌ መገጣጠሚያ ተቀይሮላቸው ወደ ቤት መጡ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በቅድሚያ ቀዶ ሕክምናው በየት በኩል እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ጥንቃቄው እንደዚያው ይለያያል። ከኋላ በኩል ከተሠራ ዳሌያቸው ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለበትም። ስለዚህ ዝቅ ያለ ወንበርና ዝቅ ያለ የመጸዳጃ መቀመጫ አይሆኑም፤ ጎንበስ ብለው ጫማ ማሰርም እንዲሁ። እግር አያጠላልፉ፤ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ውስጥ አያዙሩ፤ ሲተኙ በእግሮቻቸው መካከል ትራስ ይኑር። ድንገት ከባድ ሕመም ተሰምቷቸው እግሩ አጥሮና ወደ ውስጥ ዞሮ ከታየ መገጣጠሚያው ወልቆ ይሆናልና እንዲቆሙ አያድርጉ፤ አምቡላንስ ይጥሩ።

የሚዘነጋው ደም መርጋት ነው። ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፤ በተፈቀደላቸው መጠንም ይራመዱ። የታዘዘላቸውን የደም ማቅጠኛ አያቋርጡ። ባታቸው ቢያብጥና ቢያም በዚያው ቀን ይታዩ፤ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራቸው ደግሞ አምቡላንስ ይጠራል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሜቶትሬክሴት ታዞላቸዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ሕመሙ ስላልለቀቃቸው በየቀኑ ልውሰድ ይላሉ።

መልስ፦ ይከልክሏቸው። ይህ መድኃኒት በስሕተት በየቀኑ ተወስዶ ሰው ገድሏል፤ መቅኒው ደም እንዳያመርት ያደርጋል። የሚወስዱበትን ቀን ስም በሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፉበት። ፎሊክ አሲድ ከታዘዘላቸው እርሱንም እንደታዘዘው ይውሰዱ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና እስከዚያው ስለ ሌላ ማስታገሻ ሐኪማቸውን ያማክሩ። አፋቸው ቢቆስል ወይም ትኩሳት ቢመጣባቸው ቀጣዩን ሳይወስዱ ወዲያውኑ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ምርኩዝ በየትኛው እጅ ልያዝ?

መልስ፦ በግራ። ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ወደ ፊት ይሂዱ። ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ሲያወርዱ የምርኩዙ እጀታ አንጓዎ ጋ ይድረስ።

ጥያቄ፦ ወገቤን ሲያመኝ ስንት ቀን ልተኛ?

መልስ፦ ለተለመደው የወገብ ሕመም ለቀናት መተኛት አይመከርም፤ ጡንቻን ያዳክማል፤ መዳንንም ያዘገያል። አቅም በፈቀደ መጠን ይንቀሳቀሱ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በሌሊትም ቢሆን።